ማኅተም የሌለው መጥሪያ

ሰው ከባለቤቱና ከዘመዱ ጋራ አንድ ምሽት ሲሥቅ አምሽቶ ወደ ቤቱ ቢመለስ፤ ይህ ነገር በጋዜጣ ሊጻፍ የሚገባው አይመስልም። ነገር ግን እኛ በዚያ ምሽት የሣቅነው ሣቅ በማግሥቱ ወደ ሐሳብ፤ በሠልስቱም ወደ ሥራ ስለ ተለወጠብን፤ እንደኛ በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉት ሁሉ፤ ለቤተ ሰባቸውም ጭምር ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን፤ የሆነውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ ልንጽፈው አሰብን።

እኛ በአንድ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የምናገለግል፤ ዕድሜያችንም ከአርባ ዓመት ጥቂት ያለፈ ነን። በልጅነታችን ከፊደል እስከ ዳዊት፤ ከዳዊትም እስከ ቅኔው ደጃፍ ድረስ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተምረናል፤ ከዚያም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን የእንግሊዝን ቋንቋና ሒሳብን ቀስመናል። ይህን የምንናገረው ለመመካት አይደለም፤ ወደ ፊት እንደሚታየው፤ ይህ ሁሉ ትምህርት አንድ የሁለት መስመር ግጥም በጊዜው ለመረዳት ስላልበቃን ነው።

የባለቤታችን ታናሽ ወንድም በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ ብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ ዘመዶቹን ሊጠይቅ መጥቶ በቤታችን ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ከራት በኋላ ስንጨዋወት፤ በዚያ አገር ሰዎች ከሥራ ሲወጡ በሰፈራቸው መጠጥ ቤት ተሰብስበው ስለሚሰሙት የቀልድ ጨዋታ አጫወተን። አንድ ሰው ብቻውን ድምፅ ማጉያ ይዞ ከመብራት ሥር ይቆማል፤ ዘፈን የለው፤ አጃቢ የለው፤ ስለ ሚስቱ፤ ስለ እናቱ፤ ስለ አገሩ ሹማምንት፤ ከሁሉም አብልጦ ስለ ራሱ ጕድለት እየተናገረ ሰውን ያሥቃል፤ ሰው ያልሣቀለት እንደ ሆነ ግን አፍሮ ይወርዳል አለን። ደግሞም ስሙን ያስመዘገበ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ እየተሰጠው ዕድሉን የሚሞክርበት ምሽት መኖሩን ጨመረልን። ከዚህ በኋላ «ጋሼ፤ በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀን።

እኛም «በመድረክ ላይ ብቻቸውን ቆመው የሚያሥቁ ቀልደኞችስ በኛም አገር አሉ፤ ነገር ግን ይህን አንተ የምትለውን ጨዋታ አባቶቻችን ከማሲንቆ ጋራ አስማምተው ሲያመሹበት ኖረዋልና፤ ቅዳሜ ማታ እናሳይሃለን» አልነው። ባለቤታችንም ይህን በሰማች ጊዜ «እኔስ በቤት ልቀር ነው?» ስላለች፤ ልጆቻችንን ለአያታቸው አደራ ሰጥተን፤ ጠበቃ የሆነ አንድ ወዳጃችንንም ጨምረን አራት ሆነን ለመሄድ ቀጠሮ አደረግን።

አዝማሪ የሚለው ስም «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። መዘምርና አዝማሪ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው፤ ነገር ግን አንደኛው በቅኔ ማኅሌት ሲከበር ሁለተኛው በጠጅ ቤት ሲናቅ ኖሯል። መሣሪያው ማሲንቆም ብዙ ዕቃ የሌለው ነው፤ ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን ቆዳ ይለብስና ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ይወጠርበታል፤ የሚመታበትም ደጋን እንዲሁ የፈረስ ጭራ ነው። በዚያ በአንዱ ክር ማመስገንም፤ ማልቀስም፤ መስደብም ይቻላል። ደግሞም አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበት የምሥጢር ቋንቋ ስላላቸው፤ በእንግዳው ፊት ስለ እንግዳው ቢነጋገሩ የሚሰማቸው የለም።

ይህ የአዝማሪ ቃል ደም ያስፈሰሰበት ዘመን ነበረ። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት የታወቀ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግን ግራዚያኒ ጠንቋዮችና በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ ማዘዙን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። በገበያና በድግስ ቤት የሚናገሩት ቃል ሕዝቡን ያነሣሣብኛል ብሎ ፈርቶ ነበርና። አውሮፕላንና መድፍ ያለው ጦር አንድ ክር ያለውን ሰው መፍራቱ ልብ ሊባል የሚገባ ነው።

በዚያው በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል ድርጅት ነበራቸው። ቤቶቹንም በቋንቋቸው «ካዜ ኢንቺስ» ይሏቸው ስለ ነበረ፤ የኛ ሰው ቃሉን አገጣጥሞ ሰፈሩን ካዛንቺስ አለው። ያ ለወራሪው ጸሐፊዎች የተሠራው ሰፈር ከብዙ ዘመን በኋላ በአዝማሪ ቤቶቹ የታወቀ ሆነ፤ ከሰፈሩም የሚበዛው በ2017 ዓ.ም. እስኪፈርስ ድረስ ሌሊቱን ማሲንቆ ሲጮኽበት ኖረ። እኛ በወጣትነታችን አዝማሪ የሰማነው በዚያ ነበረ። በዚህ ቅዳሜ የሄድንበት ቤት ግን በሌላ ሰፈር ያለ ትንሽ ቤት ነው።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደረስን። ቤቱ ጠባብ፤ ጣራው ዝቅ ያለ፤ ግድግዳው በፍየል ቆዳና በሰፌድ ያጌጠ ነው። ሰዉም በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ጕልበት ለጕልበት ተጋጥሞ ተቀምጧል፤ በየፊቱም ጠጅ በብርሌ ቀርቦለታል። ብርዱ ጠንክሮ ስለ ነበረ እኛ ጋቢ ደርበን ነበር። በመካከል በቀረችው ባዶ ስፍራ አንድ ቀጭን ሰው ማሲንቆውን ይዞ ይዞራል፤ አንዲት ሴትም በነጭ ቀሚስ ወገቧን ታጥቃ ትቀበለዋለች። የአዝማሪው ሥርዓት፤ አንባቢያን እንደምታውቁት፤ እያንዳንዱን እንግዳ በተራ ጐብኝቶ ወይ በምስጋና ወይ በለበጣ ግጥም መንካት ነው። የተነካውም ሰው ቢወደስ ደስ ብሎት፤ ቢሰደብም ደስ እንዳለው መስሎ፤ ብር አውጥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ተሰድቦ የሚሸልም ሰው ጨዋ ይባላል፤ ተሰድቦ የሚቈጣ ግን ለሁለተኛ ስድብ ራሱን ያዘጋጀ ነው።

መጀመሪያ የተነካው እንግዳችን ሆነ። እርሱ ከገባ ጀምሮ ስልኩን ከፊቱ ሳያወርድ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበርና፤ አዝማሪው ቀረብ ብሎ በማሲንቆው ጫፍ እያመለከተ እንዲህ አለው፤

ከአሜሪካ መጣ ዶላር የያዘ ሰው፣
ስልኩን ብቻ እንጂ ኪሱን የማይዳስሰው።

ቤቱ በሣቅ ተናወጠ። እንግዳችንም ወዲያው ስልኩን አስቀምጦ ኪሱን ዳሰሰና ሸለመ፤ ወደኛም ዞሮ «በኛ ዘንድ ያለው ቀልደኛ የሚናገረውን ከቤቱ አጥንቶ ይመጣል፤ ይህ ሰው ግን እኔን ካየኝ ገና ሩብ ሰዓት አልሆነም» እያለ ተደነቀ። ቀጥሎ አዝማሪው ወደኛ ዞረ። እኛ ከጥቂት ዓመት ወዲህ የራስ ጠጕራችን እየሳሳ ሄዶ አሁን ከመካከል ፈጽሞ አልቋል። እርሱም ጐንበስ ብሎ እጅ ነሣና፤

መብራት ቢጠፋ እንኳ አንሰጋም በዚህ ቤት፣
ጨረቃ ወጥታለች ከጋቢዎ አናት።

ብሎ ሲያዜም፤ ከሁሉ አስቀድማ የሣቀችው ባለቤታችን ናት። ሻሿን በአፏ ላይ አድርጋ እስክታነባ ድረስ ሣቀች። እኛም ሣቅን፤ ከልባችን ሣቅን፤ ተነሥተንም አንድ መቶ ብር በግንባሩ ላይ ለጠፍንለት። ሰው ራሱ በሚያውቀው ነገር ሲሣቅበት የሚያምመው ጥቂት ነው፤ መላጣነታችንን መስተዋት በየጧቱ ይነግረናልና።

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ሞቀ። በአዝማሪ ቤት ልማድ አዝማሪው ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም በዜማ አድርጎ ለቤቱ ይመልሰዋል። ነጋዴው ስለ ቤት ኪራይ፤ ሾፌሩ ስለ መንገድ መዘጋት፤ አንዲት ሙሽራም ስለ አማቷ እየሰጡ ቤቱን አሣቁት። ዋሽንግተን ላይ ስሙን ያስመዘገበ ሰው እንደሚቆም፤ በኛ ዘንድ ስሙን ሳያስመዘግብ የተቀመጠ ሁሉ ቀልደኛ ነው ብለን ለእንግዳችን ነገርነው።

በዚህ ጊዜ ከወዲያኛው ጥግ አንድ ጎልማሳ ሰው «ተቀበል!» አለ። ፊቱ በመብራቱ ጥላ ስለ ነበረ ለይተን አላወቅነውም። የሰጠውም ግጥም ይህ ነው፤

ሁለት ወር ተማርኩኝ ነገ ና የሚል ቃል፣
ይግባኝ ልበል እንጂ መቼ ገብቶኝ ያውቃል።

ይህን በሰማን ጊዜ ከቤቱ ሁሉ አብልጠን የሣቅን እኛና ጠበቃው ወዳጃችን ነን፤ ነገሩ የሙያችን ነውና። ለእንግዳችንም ሰሙ ትምህርት አልገባኝ ያለው የሰነፍ ተማሪ ነገር እንደ ሆነ፤ ወርቁ ግን ከበታች ፍርድ ቤት ወደ በላይ የሚባለው ይግባኝ እንደ ሆነ፤ «ነገ ና» የሚለውም ቃል በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የሚሰማ እንደ ሆነ፤ በኩራት ተረጐምንለት። እንዲህ እየተረጐምን ሳለን ሰውየው ከጥግ ተነሣና ወደ መብራቱ ቀረበ። አወቅነው። እርሱም ዐይኑን ከኛ ሳያነሣ ሁለተኛ «ተቀበል!» አለ፤

መዝገቤ ሞተና ቁም ሣጥን ቀበሩት፣
ተዝካሩን ላውጣለት ጸሐፊውን ጥሩት።

አዝማሪው ግጥሙን ሁለት ጊዜ ደጋገመው። ሰዉም የሰውየውን ዐይን ተከትሎ ወደኛ ተመለከተና፤ ለማን እንደ ተነገረ ስለ ገባው ሣቁ ከበፊቱ ይልቅ ጨመረ። አዝማሪውም እንደ ልማዱ መጥቶ ከፊታችን ቆመ፤ ግንባሩንም ዝቅ አደረገ። እኛ ግን እጃችን ወደ ኪሳችን አልሄደም። ጥቂት ጠብቆ ወደ ሌላው ሰው አለፈ።

ጠበቃው ወዳጃችን ወደ ጆሯችን ጠጋ ብሎ «በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስድብን ያስቀጣል። በሥራዎ ምክንያት በሰው ፊት ጉቦኛ ተብለዋል፤ ምስክርም ቤት ሙሉ አለን» አለን። ነገሩ ለጊዜው ጣፈጠን። እውነትም ተዝካር ላውጣና ጸሐፊውን ጥሩት ማለት፤ ጸሐፊው ካልበላና ካልጠጣ ሥራ አይሠራም ማለት ነው ብለን ተረጐምነው። እኛ ደግሞ በአገልግሎታችን ዘመን ከባለጉዳይ እጅ አንድ ብርም፤ አንድ ብርጭቆ ሻይም አልተቀበልንም። ስለዚህ ሐሰት ነው ብለን ልባችንን አጸናን።

ወደ ቤታችን ስንመለስ በመኪናው ውስጥ የተናገረ አልነበረም። ከበራችን ስንደርስ ግን ባለቤታችን በዝግታ «አንተ ግእዝ ተምረሃል፤ ተዝካር ማለት ድግስ ማለት ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀችን። ሌላ አልጨመረችም፤ ገብታ ተኛች።

እኛ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ እንቅልፍ አልወሰደንም። ተዝካር «ዘከረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጓሜው መታሰቢያ ነው። ድግሱም ተዝካር የተባለው ሟቹ የሚታሰብበት ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ ሰሙ ድግስ ነው፤ ወርቁ ማስታወሻ ነው። ሰውየው ጸሐፊው ይብላ አላለም፤ ጸሐፊው ያስታውስ አለ እንጂ። «ጥሩት» የሚለውም ቃል በኛ መሥሪያ ቤት ያለ ቃል ነው፤ ሰው ወደ ፍርድ ቤት የሚጠራበትን መጥሪያ በየቀኑ የምንጽፍ እኛው ነንና። ለሰው ሁሉ መጥሪያ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች፤ ማኅተም የሌለው መጥሪያ በማሲንቆ ደረሰን። ሰሙ ሐሰት በመሆኑ ተደግፈን፤ እውነት ከሆነው ከወርቁ ልናመልጥ ፈልገን ነበር።

አሁን ደግሞ የምንደብቀውን ልንናገር ነው። ያ ሰው ስለ ውርስ ቤት ተከራክሮ የተረታ ባለጉዳይ ነው። ይግባኝ ለማለት የውሳኔውን ግልባጭ ጠይቆን ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሚሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። ሰውየው በመጀመሪያው ሳምንት መጥቶ ሲጠይቀን፤ ሥራ በዝቶብን ስለ ነበረ ቈይ አልነው፤ እርሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ በሰው ፊት «ደመወዝህ የሚከፈለው ከኔ ግብር ነው!» ብሎ ተናገረን። እኛም አልመለስንለትም፤ አልሰደብነውም፤ አላስወጣነውም። ማመልከቻውን ተቀብለን መዝገቡን ከቁም ሣጥኑ ከታችኛው መደርደሪያ አኖርነውና፤ ከዚያ በኋላ በመጣ ቍጥር በጨዋ ቃል «ነገ ይመለሱ» አልነው። ጉቦ አልጠየቅንም፤ የጠየቅነው ክብር ነበር። ጉቦ የጠየቀ ሰው ሲሰጠው ይፈጽማል፤ ክብር የጠየቀ ግን መቼ እንደሚበቃው ራሱም አያውቅም።

እሑድ ጧት በቍርስ ገበታ ላይ ባለቤታችን ልጆቹን ለማሣቅ ስለ ጨረቃዋ የተባለውን ግጥም ነገረቻቸው። ልጆቹም ተንከተከቱ፤ ታናሺቱማ መጥታ ራሳችንን ዳሰሰችና መብራት ይቃጠላል እንደ ሆነ እጇን ቶሎ መለሰች። እኛም ከነሱ ጋራ ሣቅን። ቀጥሎም ታላቂቱ «ሌላስ ምን ተባለ?» ብላ ጠየቀች። ባለቤታችን ወደኛ ተመለከተች፤ እኛም ወደ እንጀራው ተመለከትን። «ሌላው የሥራ ነገር ነው» አልናት። በዚህ ጊዜ፤ በገበታችን ላይ ለልጆቻችን ልንነግረው የማንችለው ቀልድ የትኛው እንደ ሆነ ለይተን አወቅን። ጠጕራችን ስለ መርገፉ የተባለው ለቤተ ሰባችን መጫወቻ ሆነ፤ እጃችን ስለ ሠራው የተባለው ግን መድረሻ አጣ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሼክስፒርን የንጉሥ ሊር ታሪክ አንብበን ነበር። ያ ንጉሥ መንግሥቱን ለሁለቱ ሴቶች ልጆቹ አካፍሎ፤ የምትወደውን ሦስተኛይቱን አባሮ ባዶውን በቀረ ጊዜ፤ አብሮት የሚዞረው የቤተ መንግሥቱ ቀልደኛ ስሕተቱን እያሣቀ ይነግረው ነበር። ያን ጊዜ መምህራችን ስለ ምን ንጉሡ ቀልደኛውን አላባረረም ብለው ሲጠይቁን፤ እኛ ስለሚያሥቀው ነው ብለን መለስን። አሁን ግን ሌላ ይመስለናል። ሹም የሆነ ሰው ከበታቹ ያለው ይፈራዋል፤ ከበላዩ ያለው አያየውም፤ እኩያው ደግሞ ስለ ወዳጅነት ዝም ይለዋል፤ ስለዚህ እውነቱን በሣቅ ጠቅልሎ የሚያደርስለት አንድ ሰው ካልኖረ ከየትም አያገኘውም። ሊር ቀልደኛውን ያላባረረው ሌላ መልእክተኛ ስላልቀረለት ነው።

ሰኞ ጧት ከሰዓቱ ቀድመን ቢሮ ገባን። የታችኛውን መደርደሪያ ስንከፍት መዝገቡ ሌሎች አምስት መዛግብት ተጭነውት፤ አቧራም ለብሶ ተገኘ። ቀኑን ቈጠርን፤ ውሳኔው ከተሰጠ 55 ቀን ሆኖታል። የሟች ተዝካር በአርባ ቀን ይወጣል፤ የዚህ መዝገብ አርባው አልፎ 60ው ሊሞላ 5 ቀን ብቻ ቀርቶታል። ሌላ አምስት ጊዜ በጨዋ ቃል «ነገ ይመለሱ» ብለነው ቢሆን ኖሮ፤ ያለ ድምፅና ያለ ስድብ የሰውየውን መብት ዘግተንበት ነበር። ወዲያው ውሳኔውን ገልብጠን፤ ከዋናው ጋራ አመሳክረን፤ ማኅተም አስደርገን፤ በመዝገቡ ላይ በተጻፈው ስልክ ጠራነው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ። ግልባጩን ከተቀበለ በኋላ ገጹን አንድ በአንድ ቈጥሮ በመረከቢያው ደብተር ላይ ፈረመ። እኛም ነገሩን በጨዋታ ለማለዘብ ብለን «እንግዲህ ተዝካሩ ወጣ» አልነው። እርሱ ግን አልሣቀም። «ጌታዬ፤ ተዝካር የሚወጣው ለሞተ ነው፤ ይህስ ከተቀበረበት ተነሣ» አለን። ከዚያም ከኮቱ ኪስ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ ከፊታችን አኖረ። በላይዋም ወደ መስኮታችን መጥቶ የተመለሰባቸው ሰባት ቀኖች ከነወራቸው ተጽፈዋል። «ይህችን ከማመልከቻዬ ጋራ ያያይዙልኝ» ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ። ስሙን እየጠራን ይቅርታ ልንለው ተነሣን፤ ነገር ግን በኮሪደሩ ከሰው ጋራ ተቀላቅሎ አጣነው። ይግባኙም ምን እንደ ደረሰ በኛ መዝገብ ቤት የሚታወቅ አይደለም። ወረቀቷን ግን እንዳለው አያይዘናታል።

ክቡራን አንባቢያን ሆይ፤ ይህን የጻፍነው በመሥሪያ ቤታችን ቁም ሣጥን ያለው የታችኛው መደርደሪያ በሌላው ዘንድም የማይጠፋ ስለሚመስለን ነው። በቢሮ ያለ ሰው የባለጉዳይ ማመልከቻ ይሆንበታል፤ በቤት ያለ ሰው ደግሞ ለልጁ የሰጠው ተስፋ፤ ለእናቱ ያልጻፈው ደብዳቤ፤ ለሠራተኛው ያልከፈለው ደመወዝ ይሆንበታል። ሁሉም በጨዋ ቃል «ነገ» እየተባለ የተቀበረ ነው። እኛ ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከሥራ ከመውጣታችን በፊት ያን መደርደሪያ ከፍተን ማየትን ልማድ አድርገናል። በቤታችንም ልጆቻችን በኛ ሲሥቁ፤ ሣቁ ስለ ራሳችን እንደ ሆነ አብረን እንሥቃለን፤ ስለ ሥራችን እንደ ሆነ ግን ሣቁ እስኪያልፍ ጠብቀን «እስቲ እንደ ገና ንገሩኝ» እንላለን።

ከአንድ ወር በኋላ እንግዳችን ወደ አሜሪካ ሊመለስ ሲል፤ ስንብት እንዲሆንለት ወደዚያው አዝማሪ ቤት ሄድን። አዝማሪው ገና ከበሩ ሲያየን አወቀን። ሌላ ግጥም ሳይጀምር ተነሣንና በግንባሩ ላይ መቶ ብር ለጠፍንለት። እርሱም ማሲንቆውን ገታ አድርጎ «ጌታዬ፤ ገና ምንም ሳልል? ወይስ ስለ ጨረቃዋ ነው?» ብሎ ጠየቀን። እኛም «የጨረቃዋን በዚያው ማታ ከፍለናል፤ ይህ የተዝካሩ ነው» አልነው።